ቅዱስ ሥዕል በዲጂታል ብዕር

በታብሌት ላይ በዲጂታል ብዕር የተሣለ የድንግል ማርያም ወይም የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል በእንጨት ገበታና በብራና ላይ ከተሣለው ጋር እኩል ክብር ይገባዋል ወይ? የመጽሐፍ ሽፋን፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መማሪያ፣ በየቤቱ የሚሰቀል የወረቀት ሥዕል በኮምፒውተር በሚዘጋጅበት ዘመን ይህ ጥያቄ ለሠዓሊውም፣ በሥዕሉ ፊት ለሚጸልየውም፣ ሥዕሉን ለሚባርከው ካህንም የሚቀርብ ነው። በውስጡ አራት ጥያቄዎችን ይዟል። የሥዕል ክብር ከተሠራበት ቁስ ይመነጫል ወይ? ከሠዓሊው እጅ ይመነጫል ወይ? ፋይል ያለ ልክ በሚባዛበት ዓለም ዋና ሥዕል የሚባል ነገር አለ ወይ? መሣሪያውስ ሠዓሊውን ምን ዓይነት ሰው ያደርገዋል? የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጥያቄዎች ትውፊቱ ከሞላ ጎደል መልሷቸዋል። አራተኛው ግን አዲስ ነው፤ የታብሌት አመራረጥና አጠቃቀምም የሕሊና ጉዳይ የሚሆነው በእርሱ ምክንያት ነው።

ሥዕል ለምን ይከበራል

ኦሪት ዘፀአት በምዕራፍ 20 የተቀረጸ ምስል ሠርቶ መስገድን ይከለክላል። ያው መጽሐፍ በምዕራፍ 25 በታቦቱ መክደኛ ላይ ሁለት ኪሩቤል ከወርቅ እንዲሠሩ ያዛል፤ በምዕራፍ 31 ደግሞ የድንኳኑን ሥራ የሚመራው ባስልኤል የእግዚአብሔር መንፈስ የሞላበት ጥበበኛ መሆኑን ይናገራል። የቤተ ክርስቲያን አባቶች እነዚህን ክፍሎች አንድ ላይ በማንበብ የተከለከለው ለፍጡር የሚቀርብ አምልኮ እንጂ የእጅ ጥበብ አለመሆኑን አስተምረዋል። በአራተኛው መቶ ዓመት ቅዱስ ባስልዮስ ለምስል የሚሰጠው ክብር ወደ ባለ ምስሉ እንደሚያልፍ ጽፏል። በስምንተኛው መቶ ዓመት የደማስቆው ዮሐንስ ሥዕልን ለመከላከል ሦስት ድርሳናት ሲጽፍ ለእግዚአብሔር ብቻ የሚገባውን አምልኮ ለቅዱሳንና ለሥዕላቸው ከሚሰጠው የአክብሮት ስግደት ለየ። ከዚያም አልፎ ቃል ሥጋ ከሆነ ወዲህ ቁስ የሚናቅ ነገር አለመሆኑን አስረዳ።

በ787 የተደረገው የኒቅያ ጉባኤ ይህን ትምህርት ደንግጓል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ግን የምትቀበላቸው ዓለም አቀፍ ጉባኤያት ሦስት፣ ማለትም የ325ቱ ኒቅያ፣ የ381ዱ ቁስጥንጥንያና የ431ዱ ኤፌሶን ስለሆኑ፣ ለሥዕል የምትሰጠው ክብር የቆመው በራሷ ትውፊት ላይ ነው። ከ1434 እስከ 1468 የነገሠው ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ለእመቤታችንና ለመስቀል የሚደረገው አክብሮት በመላ ግዛቱ እንዲጸና አድርጓል። በእርሱ ዘመን ፍሬ ጽዮን የተባለ ሠዓሊ የሣላት የማርያም ሥዕል በጣና ሐይቅ ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ትገኛለች። በዚያው ዘመን ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት መነኮሳት ከንጉሡ ጋር የተጋጩት በስግደት ጉዳይ ነበር። ይሁንና ማዕከላቸው የሆነው የጉንዳ ጉንዶ ገዳም በውብ ሥዕላት ባጌጡ የብራና መጻሕፍቱ የታወቀ ነው። ይህም በሀገር ውስጥ የነበረው ክርክር ለማን ይሰገዳል በሚለው ላይ እንጂ ይሣል አይሣል በሚለው ላይ አለመሆኑን ያሳያል።

ስለ ቁሱ ታሪኩ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ነው። በአንድ ዘመን ገበታ በጀሶ ተቀብቶ ይሣልበት ነበር፤ በሌላ ጊዜ ብራና፣ በሌላ ጊዜ በጭቃ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሸማ ሥዕልን ተሸክሟል። የፋብሪካ ቀለም ሲመጣም ሠዓልያን ተቀብለውታል። በሮም በሳንታ ማሪያ ማጆሬ የምትገኘው የማርያም ሥዕል ቅጂዎች በኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን አማካይነት ወደ ኢትዮጵያ ሲገቡ ሀገራዊ ሠዓልያን እያስማሙ ደጋግመው ሥለዋታል። በ1590ዎቹ መጀመሪያ በሮም የታተመው የዐረብኛ ወንጌልም በማተሚያ የወጡ ሥዕሎቹ ለብራና መጻሕፍት አርአያ ሆነዋል። ከሁሉ የሚልቀው ምስክር ኲርዓተ ርእሱ ነው። የእሾህ አክሊል የደፋውን ክርስቶስን የሚያሳየው ይህ ሥዕል በአውሮፓዊ እጅ የተሣለ ቢሆንም ነገሥታቱ ወደ ዘመቻ ይዘውት ይወጡ፣ መሐላም በፊቱ ይፈጸም ነበር። በ1868 ከመቅደላ የተወሰደው የሀገር ቅርስ ሆኖ ነው። የሥዕሉ ክብር ከእንጨቱ ወይም ከሠዓሊው የትውልድ ሀገር አልመጣም። ያከበሩት የሚያሳየው ጌታ፣ ሕዝቡ በፊቱ ያፈሰሰው ጸሎትና የቤተ ክርስቲያን አቀባበል ናቸው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ አለው። ብርጭቆና ሲሊከን ከእንጨትና ከቆዳ ይልቅ ከእግዚአብሔር የራቁ አይደሉም። አንድ ነገር ለቤተ መቅደስ አገልግሎት የሚለየው በጸሎትና በቅብዐ ሜሮን ሲከብር እንጂ ከየትኛው ማዕድን እንደተሠራ ታይቶ አይደለም።

መሣሪያዎቹና አሠራራቸው

በብዕር ወደ ኮምፒውተር መሣል ከስድሳ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። በ1963 ኢቫን ሰዘርላንድ በኤም አይ ቲ ተማሪ ሳለ «ስኬችፓድ» የተባለውን ፕሮግራም አቀረበ፤ ተጠቃሚው በብርሃን ብዕር በቀጥታ በስክሪኑ ላይ መስመር ይሥል ነበር። በ1964 በአሜሪካ የራንድ ተቋም ታብሌት ተዋወቀ፤ ብዕሩ በጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ ሲሄድ መስመሩ በሌላ ስክሪን ላይ ይታያል። በ1965 እንግሊዛዊው ኢ. ኤ. ጆንሰን በጣት የሚነካ ስክሪንን የሚመለከት ጽሑፍ አሳተመ። ዋኮም የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1983 ተመሠረተ። አይፓድ በ2010፣ አፕል ፔንስል ደግሞ በ2015 ለገበያ ቀረቡ።

በጣት የሚነካውና በብዕር የሚሣልበት ስክሪን አንድ ይመስላሉ እንጂ አሠራራቸው ይለያያል። በተለመደው ተች ስክሪን ላይ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ስስና ግልጽ ንብርብር አለ። ጣት ሲነካው በዚያ ቦታ ያለው የኤሌክትሪክ ሁኔታ ይለወጣል፤ መሣሪያውም ለውጡ የት እንደተፈጠረ ያሰላል። ጣት የት እንዳረፈ በደንብ ይታወቃል፤ ምን ያህል እንደተጫነ ግን በአብዛኛው አይታወቅም። በብዙ የመሣያ ታብሌቶች ደግሞ ከሰሌዳው ሥር የተዘረጋ የሽቦ መረብ መግነጢሳዊ ሞገድ ይልካል። በብዕሩ ውስጥ ያለው ጥምጥም ሽቦ ሞገዱን ተቀብሎ ይመልሳል፤ በዚህም መሣሪያው የብዕሩን ቦታ፣ ጫናና ዘንበል ማለት ይለካል። ብዕሩ ኃይል የሚያገኘው ከሰሌዳው ስለሆነ ባትሪ አያስፈልገውም። እንደ አፕል ፔንስል ያሉት ግን የራሳቸው ባትሪ አላቸው። ዛሬ ብዙ ታብሌቶች 8192 የጫና ደረጃዎችን እንደሚለዩ ይገለጻል።

ገበያ ላይ ያሉት መሣሪያዎች በሦስት ይከፈላሉ። አንደኛው ስክሪን የሌለው ታብሌት ነው፤ ከኮምፒውተር ጋር ይያያዛል፣ እጅ በሰሌዳው ላይ ሲሥል ዓይን የኮምፒውተሩን ስክሪን ይመለከታል። ሁለተኛው ስክሪን ያለው ግን ያለ ኮምፒውተር የማይሠራ ሰሌዳ ነው፤ መስመሩ በብዕሩ ጫፍ ሥር ይታያል። ሦስተኛው ራሱን የቻለ ታብሌት ነው፤ ስክሪኑም፣ ማስሊያውም፣ ባትሪውም በአንድ አካል ውስጥ ናቸው።

እጅና መስመር

አርስጣጣሊስ ስለ ነፍስ በጻፈው መጽሐፍ እጅን የመሣሪያዎች መሣሪያ ይለዋል፤ ሌሎች መሣሪያዎች ሁሉ የሚሠሩት በእርሱ ነውና። ጀርመናዊው ማርቲን ሃይዴገር በ1927 ባሳተመው «ህላዌና ጊዜ» ደግሞ በደንብ የሚያገለግል መሣሪያ ከተጠቃሚው ልብ እንደሚሰወር አስረዳ። መዶሻው ሲሰበር ወይም ሳይመች ሲቀር ያን ጊዜ ራሱን ያሳያል፤ ትኩረትንም ከሥራው ላይ ይነጥቃል።

ከዚህ የሚወጣ መመዘኛ አለ። ብዕሩ ሄዶ መስመሩ ቢዘገይ ሠዓሊው ስለ ቅዱሱ ፊት ማሰቡን ትቶ ስለ መሣሪያው ያስባል። በወፍራም ብርጭቆ ምክንያት የብዕሩ ጫፍና የመስመሩ ቦታ ሳይገጣጠሙ ሲቀሩ፣ ወይም የስክሪኑ ልስላሴ ብዕሩን ሲያንሸራትት ውጤቱ ያው ነው። በጸሎት መንፈስ ለሚሠራ ሥራ ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም። የታብሌት ጥሩነት የሚለካው በማስታወቂያው ላይ በተጻፈው የደረጃ ብዛት ሳይሆን ሠዓሊው በሥራው መካከል ታብሌቱን ሊረሳው በመቻሉ ነው። ስክሪን በሌለው ሰሌዳ ላይም እጅና ዓይን መጀመሪያ ይለያያሉ፤ በልምምድ ግን ይስማማሉ።

ከዚህ የጠለቀው ጥያቄ መስመሩ የማን ነው የሚለው ነው። በታብሌት ላይ በእጅና በመስመር መካከል ስሌት ይገባል፤ ሶፍትዌሩ የእጅን መንቀጥቀጥ ሊያለዝብ፣ የመስመሩን ውፍረት ሊያስተካክል ይችላል። ለነገሩ የመቃ ብርዕም ገለልተኛ አይደለም፤ የአፉ አቆራረጥ የፊደሉን ወፍራምና ቀጭን ይወስናል። መሣሪያ ሁሉ የራሱን ድርሻ ይጨምራል። ድንበሩ ያለው መሣሪያው መስመርን ከማገዝ አልፎ የፊቱን ቅርጽ ራሱ በሚመርጥበት ቦታ ነው። በቃል ትእዛዝ ምስል የሚያመነጩ ፕሮግራሞች ይህን ድንበር ተሻግረዋል። የቅዱሱን ዓይን ለምን እንዲህ አደረግኸው ተብሎ ሲጠየቅ የሚመልስ ሰው ከሌለ ሥዕሉ ምስክርነት መሆኑ ይቀራል።

በዚህ ላይ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የኤዴሳው ንጉሥ አብጋር ዘንድ ደረሰ ተብሎ በትውፊት የሚነገርለት የጌታ መልክ በሰው እጅ ያልተሠራ ነው፤ እጅ የሌለበት ምስል የተከበረ ከሆነ የማሽኑ ምስል ለምን ይነቀፋል ሊባል ይችላል። ትውፊቱ ግን ያን ምስል ያከበረው እጅ ስላልነካው ብቻ አይደለም፤ ባለ ምስሉ ራሱ የሰጠው፣ የሰው ፈጠራ ያልገባበት በመሆኑ ነው። የቅዱሳት ሥዕላት ሠዓሊም ከራሱ ከመፍጠር ይልቅ የተቀበለውን ለማስተላለፍ የሚተጋው ከዚሁ የተነሣ ነው። በኢትዮጵያ ሥዕል ቅዱሳን ፊታቸው ወደ ተመልካች ዞሮ በትልልቅ ዓይኖች የሚሣሉት፣ ኃጥአን ብዙ ጊዜ በጎን የሚታዩት በዚህ ቅብብሎሽ ነው። ከሚሊዮን ምስሎች ቀምሮ አማካይ የሚያወጣ ፕሮግራም ግን ከማንም አልተቀበለም፤ ለማንምም ታማኝ አይደለም። እንግዲህ የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ይህ ነው፤ እጅ የቅድስና ምንጭ አይደለም፣ ነገር ግን ለሥዕሉ ታማኝነት ተጠያቂ የሚሆን ሰው የግድ ያስፈልጋል።

ዋናና ቅጂ

አፍላጦን በ«ሪፐብሊክ» አሥረኛ መጽሐፍ ሠዓሊን ከእውነት ሦስተኛ ደረጃ ላይ ያስቀምጠዋል። አልጋ በመጀመሪያ በሐሳብ አለ፤ አናጢው ያን አስመስሎ ይሠራል፤ ሠዓሊው ደግሞ የአናጢውን ሥራ ያስመስላል። በዚህ ሚዛን ቅጂ በተባዛ ቁጥር እውነት ይርቃል። ዋልተር ቤንያሚን በ1936 ባሳተመው ድርሰት ይህን ሐሳብ ወደ ማሽን ዘመን አመጣው። የጥበብ ሥራ በአንድ ቦታና ጊዜ ብቻ በመገኘቱ የሚኖረው ግርማ በፎቶግራፍና በፊልም መባዛት ይደበዝዛል አለ። ግርማው ከአምልኮ ሥርዓት የመጣ መሆኑንም አመለከተ።

ለቅዱስ ሥዕል ግን ነገሩ ይለያል። ዋናው የመጀመሪያው ገበታ አይደለም፤ ዋናው በሥዕሉ የሚታየው አካል ነው። ከሮም የመጣችው የማርያም ሥዕል መቶ ጊዜ ብትቀዳም እያንዳንዷ ቅጂ የምታመለክተው ወደ አንዲቱ ድንግል ነው፤ ቅጂው ወደ ቅጂ አያመለክትም። ስለዚህ መባዛት የሥዕልን ክብር አያጠፋም። በየቤቱ የተሰቀለው የወረቀት ሥዕልም ለዓመታት ያለ ክርክር ጸሎትን ሲያገለግል ኖሯል።

ፋይል ያመጣው ለውጥ ሌላ ነው። አሜሪካዊው ፈላስፋ ኔልሰን ጉድማን በ1968 «የጥበብ ቋንቋዎች» በተባለው መጽሐፉ ጥበባትን በሁለት ከፈለ። በሥዕል የመጀመሪያው እጅ ሥራ ከቅጂው ይለያል፤ በዜማ ግን በምልክቱ መሠረት በትክክል የተዜመ ሁሉ ያው ዜማ ነው። የታብሌት ሥዕል ከመጀመሪያው ወገን ወደ ሁለተኛው ተሻግሯል። ፋይሉ የቁጥሮች ስብስብ ነው፤ ሁለት ትክክለኛ ቅጂዎቹ አይለያዩም። በዜማ ምልክት የተጻፈ ድጓ ዜማ የሚሆነው በሊቃውንቱ አፍ ሲዜም እንደሆነ ሁሉ ፋይልም ሥዕል የሚሆነው በብርሃን ወይም በወረቀት ላይ ሲገለጥ ነው። በስክሪን የተገለጠው ግን አይቆይም። ያው ስክሪን ከደቂቃ በኋላ ዜና፣ የእግር ኳስ ውጤት ወይም ማስታወቂያ ያሳያል። ስለዚህ በስልክ ላይ ባለ ሥዕል ፊት የሚጸልይ ሰው ክብሩን ለሚታየው ቅዱስ ሲሰጥ በትክክል አደረገ፤ ስልኩ ራሱ ግን ንዋየ ቅድሳት አልሆነም። ለአምልኮ ቦታ የሚለየው፣ የሚባረከውና በመንበሩ የሚጸናው ታትሞ ወይም በሌላ መንገድ በቁስ ላይ ያረፈው ሥዕል ነው።

መሰረዝና መጽናት

መሣሪያው ሠዓሊውን ምን ዓይነት ሰው ያደርገዋል የሚለው አራተኛውና አዲሱ ጥያቄ እዚህ ይመጣል። ብራና የሚዘጋጀው ቆዳው ተዘፍዝፎ፣ በመወጠሪያ ላይ ተወጥሮ፣ ተፍቆና ደርቆ ነው። ጸሐፊው ሲሳሳት በቢላ ይፍቀዋል፤ ፍቆ ሲያበቃም ቦታው ይሳሳል፣ ምልክቱ ይቀራል። የረሳውን ቃል በመስመሮች መካከል ይጨምረዋል። የቁሱ ውድነትና የስሕተቱ አለመጥፋት ጸሐፊውንም ሠዓሊውንም ከመጀመራቸው በፊት እንዲያስቡ ያስገድዷቸው ነበር። ትዕግሥትን ያስተማራቸው ቆዳው ነው ማለት ይቻላል።

በታብሌት ላይ ይህ ግዴታ የለም። አንድ ንክኪ የመጨረሻውን መስመር ይመልሳል፤ ደጋግሞ ሲነካ ከዚያ በፊት ያሉትም ይመለሳሉ። በሌየር፣ ማለትም ፕሮግራሙ ለየብቻ በሚያስቀምጠው የሥዕል ንብርብር፣ ላይ የተሣለው ፊት ከልብሱ ተለይቶ ይንቀሳቀሳል፣ ይሰፋል፣ ይጠፋል። ቀለም አይደርቅም፣ ቆዳ አያልቅም። የአንድ ሥዕል ሃያ ዓይነት ፋይል ተቀምጦ የትኛው የመጨረሻው እንደሆነ ሠዓሊው ራሱ ላያውቅ ይችላል። ቁሱ ይጠይቀው የነበረው ውሳኔ አልቀረም፤ ሙሉ በሙሉ ወደ ሰውየው ተላለፈ እንጂ።

የሌሎች ሃይማኖቶች ሊቃውንትም የስክሪንን ምልክት አለመጽናት ከራሳቸው ሕግ ተነሥተው አስተውለዋል። በአይሁድ ሕግ የኦሪት ጥቅል በጸሐፊ እጅ፣ በቀለም፣ በብራና ላይ መጻፍ አለበት፤ የእግዚአብሔርን ስም መሰረዝም በኦሪት ዘዳግም 12 ላይ ተመሥርቶ የተከለከለ ነው። ብዙ ረቢዎች ግን በስክሪን ላይ የታየው ስም ሲጠፋ እንደ መሰረዝ አይቆጠርም ብለዋል፤ በሕጉ ትርጉም የጸና ጽሕፈት አይደለምና። በእስልምናም ቁርኣንን ለመንካት ውዱእ (ሥርዓታዊ መታጠብ) ያስፈልጋል የሚሉ ብዙ የዘመኑ ዑለማዎች በስልክ ላይ ያለውን ቁርኣን ለማንበብ ስልኩን መንካት ያን ግዴታ አያመጣም ይላሉ፤ ስልኩ ሙስሐፍ፣ ማለትም የተጻፈ የቁርኣን መጽሐፍ፣ አይደለምና። ሁለቱ ብያኔዎች ከተለያየ ሥር ይነሡ እንጂ አንድ ነገር ይመሰክራሉ። በስክሪን ላይ ያለ ምልክት ገና ያልተወሰነ ነገር ነው።

በክርስትና ትምህርት ይህ የመሰረዝ ጉዳይ ከንስሐ ጋር ይገናኛል። ንስሐ የተደረገውን እንዳልተደረገ አያስመስልም። በደሉ ይታወቃል፣ ይነገራል፣ ይማራል፤ የሚለወጠው ሰውየው ነው። የመመለሻው ትእዛዝ ግን ስሕተቱን ያጠፋና ሰውየውን እንዳለ ይተወዋል። አንድን መስመር ሠላሳ ጊዜ ሠርቶ ሠላሳ ጊዜ የመለሰ እጅ በሠላሳ አንደኛው ሊሳካለት ይችላል፤ ለምን እንደተሳሳተ ግን ላይማር ይችላል። መሣሪያው ኃጢአት አልሠራም፤ ያደረገው ተግሣጽን ማንሣት ነው። ከውጭ የተነሣውን ተግሣጽ ሠዓሊው በራሱ ፈቃድ ከውስጥ መልሶ ካላቆመው ሥዕሉ ሳይጸና፣ ሠዓሊውም ሳይታነጽ ይቀራል።

መምረጥና መጠቀም

ከዚህ ሁሉ በኋላ የመሣሪያ ምርጫ ሥርዓት ይይዛል። ቀዳሚው ጥያቄ ዓላማው ምንድን ነው የሚለው ነው። ለጀማሪና ኮምፒውተር ላለው ሰው ስክሪን የሌለው ታብሌት በዋጋም በጥንካሬም የተሻለ መነሻ ነው፤ ክሪታ የተባለው ነጻ ሶፍትዌርም ለሥራው ይበቃል። ረቂቅ መስመር ለሚያበዛ፣ ሐረግና ጥልፍ ለሚሥል ሰው መስመሩን በብዕሩ ሥር የሚያሳይ ስክሪን ያለው ሰሌዳ ይመቻል፤ ኮምፒውተርና የማይቋረጥ ኃይል እንደሚፈልግ ግን መታወቅ አለበት። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ወይም ከቦታ ቦታ ለሚዘዋወር ሠዓሊ ራሱን የቻለው ታብሌት ይሻላል። በዚህ ምርጫ ጥንቃቄ የሚያሻው ስለ ብዕሩ ነው። ጫናን የማይለካ፣ ጫፉ ጎማ የሆነ ብዕር ጣትን ተክቶ ከመንካት በቀር ለሥዕል አያገለግልም።

ስፋቱም ይመዘናል። በትንሽ ሰሌዳ ላይ የሚንቀሳቀሰው አንጓ ብቻ ነው፤ በሰፊው ላይ ክንድ በሙሉ ይሠራል፣ ረጅሙ የልብስ እጥፋትም በአንድ ትንፋሽ ይሣላል። ከመግዛት በፊት በመሣሪያው ላይ ቀስ ያለ ሰያፍ መስመር መሣል፣ መዘግየቱንና የብዕሩን ጫፍ ከመስመሩ ጋር መገጣጠሙን ማየት፣ እጅ ስክሪኑ ላይ ሲያርፍ ያልታሰበ ምልክት አለመፈጠሩን መፈተሽ ይገባል። የብዕር ጫፍ ስለሚያልቅ መለወጫው የሚገኝ መሆኑም መጠየቅ አለበት።

ቀጥሎ የቀለም ጉዳይ ነው። ስክሪን ብርሃን ያመነጫል፤ ወረቀት ብርሃን ይመልሳል። በስክሪን የደመቀው ሰማያዊና ቀይ በኅትመት ይደበዝዛል፤ ስለዚህ የሙከራ ኅትመት ሳይታይ ሥዕል ተጠናቀቀ አይባልም። ወርቅ በስክሪን የለም። የቅዱሳን አክሊለ ብርሃን በታብሌት ላይ ቢጫና ቡናማ ተደባልቆ ወርቅን ያስመስላል እንጂ እንደ እውነተኛ የወርቅ ቅብ ከተመልካቹ እንቅስቃሴ ጋር አይበራም። ይህን ለማግኘት የሚፈልግ ሠዓሊ ከኅትመቱ በኋላ ወርቁን በእጁ መቀባት አለበት። ለጥሩ ኅትመት በአንድ ኢንች 300 ነጥብ የተለመደ መጠን ነው፤ 30 በ40 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሥዕል ፋይሉ ቢያንስ 3543 በ4724 ፒክስል መሆን አለበት ማለት ነው። በኋላ ማሳደግ ዝርዝሩን አይመልሰውም፤ መጠኑ ከመጀመሪያው ይወሰናል።

አጠቃቀሙ ከምርጫው ይከብዳል። የሚከተሉት ልማዶች ቆዳው ያስተምር የነበረውን ተግሣጽ ለመመለስ ይረዳሉ። ንድፉን አስቀድሞ በእርሳስ በወረቀት ላይ መጨረስ፤ የሌየርን ብዛት ከሥራው በፊት መወሰን፤ የፊት መስመር ሲሳሳት ወዲያው ከመመለስ ይልቅ ቆም ብሎ ስሕተቱን መመልከት፤ ግማሹን ሥሎ ሌላውን ግማሽ በመስታወት ዘዴ ከማባዛት መቆጠብ፤ በእጅ የተሣለ ፊት ሁለት ጎኑ ፍጹም አንድ አይሆንምና፣ ሕይወቱም ከዚያ ልዩነት ይገኛል። ሥዕሉ ሲያልቅ አንዱ ፋይል ዋና ተብሎ ይቀመጥ፣ ሌሎቹ ረቂቆች ይጥፉ። ይህ የመጨረሻው ተግባር ሠዓሊው «ይህ ነው» ብሎ ለሥራው ኃላፊነት የሚወስድበት ነው። ከዚያ ሥዕሉ በሚበረክት ወረቀት ወይም ሸራ ላይ ይታተማል፣ ለካህን ይቀርባል፣ ጸሎት ይደረግበታል።

ኃላፊነቱ በሠዓሊው ላይ ብቻ አይቀርም። የሌላውን ሠዓሊ ፋይል ያለ ፈቃድ ወስዶ ስሙን አጥፍቶ ማሳተም ቅዱስ ሥዕልን በስርቆት ላይ መመሥረት ነው፤ ማባዛት ቀላል መሆኑ ይህን አይለውጠውም። ሥዕል የሚያሳትሙ ማኅበራትና መደብሮች የማን ሥራ እንደሆነ መጠየቅና ዋጋውን መክፈል ይገባቸዋል። ካህናትና መምህራንም በትውፊቱ ያልተማረ ሰው ከበይነ መረብ ቀጣጥሎ ያመጣውን ምስል ሳይመረምሩ ሊባርኩ አይገባም።

ስለዚህ የጥያቄው መልስ አዎን ነው፤ በታብሌት የተሣለ ሥዕል ቅዱስ ሥዕል ሊሆን ይችላል። ለዚህ ሦስት ነገሮች መሟላት አለባቸው። የተቀበለውን ትውፊት በታማኝነት የሚጠብቅና ለእያንዳንዱ መስመር የሚጠየቅ ሠዓሊ ሊኖረው፣ በቁስ ላይ ጸንቶ ሊቀመጥ፣ በቤተ ክርስቲያን ጸሎት ሊለይ ይገባል። እነዚህ ከሌሉ የሺህ ዓመት ብራናም ከንቱ ቁስ ነው፤ እነዚህ ካሉ ግን ትናንት ከፋብሪካ የወጣ ሰሌዳም ለእግዚአብሔር ክብር ያገለግላል። ታብሌት የሚገዛ ወጣት ሠዓሊ ስለ ዋጋውና ስለ ፍጥነቱ እንደሚጠይቅ ሁሉ ራሱንም ይጠይቅ፤ መሰረዝ በሚቻልበት ቦታ የማይሰረዝ ውሳኔ ለመወሰን ተዘጋጅቷልን?